የሐሙስ ዳዊት

ሰኞ

ያዙት። ከወግዲ መንገድ ላይ ከነበቅሎው አስቁመው መካነ ሰላም አምጥተውታል። ከፖሊስ ጣቢያው ጀርባ ባለችው ክፍል ተዘግቶበታል አሉ። ዛሬ ጠዋት የፈተልኩትን ልቃቂት ይዤ በዚያ በኩል አለፍኩ። ሸማኔዎቹ ያሉት በዚያ በኩል አይደለም፤ ግን አለፍኩ። ክፍሏ መስኮት የላትም። ደስ አለኝ።

ግራዝማች እሸቴን ነው የምለው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር አንቱ አልለውም። እሱ ማለት ይበቃዋል።

ቅዳሜ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ የተበደለ ሰው ወጥቶ ይናገራል ተብሏል። ደብተሩን የሰጠችኝ ከአዲስ አበባ የመጣችው ዘማች ልጅ ናት። "እትዬ አስካለ፣ የሚናገሩትን አስቀድመው ይጻፉት፤ ሰው ፊት ሲቆሙ ይጠፋብዎታል" አለችኝ። እኔን ይጠፋኛል ብላ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሱ ሌላ ምን አስቤ አውቃለሁ።

የምናገረው ይኼ ነው። ልጄ ይመኙሻል የእሱ ጭሰኛ ሚስት ነበረች። በዚያ በክፉ ቀን መጀመሪያ በሬው ሞተ፣ ቀጥሎ ባሏ። እሷ እኔ ጋ ልትመጣ በእግሯ ተነሣች። መንገዷ በእሱ ደጅ ነው። ቆማ አንድ እፍኝ እህል ለመነች። ጓሮው ጉድጓድ ሙሉ ማሽላ ነበረው። የለም አላት። ከዚያ ወዲያ ብዙም አልሄደች፤ ገበያተኞች ዋርካ ሥር ወድቃ አገኟት፣ እዚያው አጠገብ ቀበሯት። እኔ በሦስተኛው ቀን ሰማሁ።

ይኼን የነገረችኝ እሱ ቤት እህል ትፈጭ የነበረች ሴት ናት። የዚያን ዕለትም እየፈጨች ነበር። የጉድጓድ ማሽላ ሲፈጭ ሽታው ደጅ ድረስ ይወጣል። ልጄ ሳይሸታት አይቀርም።

እኔ ቤት ሽሮ ነበር። ብዙ አልነበረም፣ ግን ነበር። እፍኝ ቢሰጣት ኖሮ እኔ ጋ ትደርስ ነበር። ሌላው ሁሉ ቢረሳኝ ይቺን አልረሳም።

ከቅዳሜ በፊት ደግሞ የራሴ ሥራ አለኝ። አባቴ መሪጌታ ነበር። ወንድ ልጅ አልወለደምና ዳዊትን ከነትርጉሙ ለእኔ አስተማረኝ። ሰው ሲስቅበት "ታዲያ ለድመቷ ላስተምር?" ይል ነበር። ዳዊት በሳምንቱ ቀን ተከፍሏል፤ ለየቀኑ የየራሱ ንባብ አለው። የእርግማኑ መዝሙር፣ መቶ ስምንተኛው፣ የሚውለው ሐሙስ ነው። ሰው በባላጋራው ላይ ዳዊት ደገመበት ሲባል ይቺን ማለት ነው። ነገር ግን የሚደገመው በሰውየው የክርስትና ስም ነው። ግራዝማች ብዬ ባነብ ማን ይሰማኛል፣ እዚያ ላይ ሹመት የለም። የክርስትና ስሙን ደግሞ ሰው እንዲህ ያለውን ፈርቶ ይደብቃል። ሁለት ዓመት "ያ ሰው" እያልኩ አነበብኩ፣ እሱ እየወፈረ ሄደ።

እስከ ሐሙስ ስሙን ማግኘት አለብኝ።

የሰኞውን ንባብ አደረስኩ። የኃጢአተኞችን ጥርስ ስለ መስበር የሚለው ቦታ ስደርስ ቀስ አልኩ። ጉድጓድ ቆፍሮ ራሱ ስለገባበትም እንዲሁ ቀስ አልኩ። ዳዊት እንዲህ ሲቆጣ እወደዋለሁ።


ማክሰኞ

የነፍስ አባቴ ጋ ሄድኩ። የእሱም የነፍስ አባት እኚሁ ናቸው። የክርስትና ስሙን ይንገሩኝ አልኳቸው።

"ለምንሽ ነው?"

"ልጸልይለት ነው።"

አዩኝ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። "ልትጸልዪለት ከሆነ በዓለም ስሙም እግዚአብሔር ያውቀዋል" አሉኝና መቋሚያቸውን አንሥተው ሄዱ። ቄስ ፊት ዋሸሁ፣ ያውም በከንቱ።

ሐሊማ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ጎመን እየቀጠፈች ነበር፤ ነገርኳት። እሷም በዚያ ዘመን አባቷን ቀብራለች። "አብሽሪ እት አስካለ፣ አንቺ በዳዊትሽ እኔ በዱዓዬ እንይዘዋለን" አለችኝ። የክርስትና ስም ነገሩ ግን አልገባትም። "ጌታ እንዴት ስም ይጠፋዋል፣ ወላሂ እናንተ ነገር ታበዛላችሁ" ብላ ሳቀችብኝ። ጎመን ሰጠችኝ።

ከሰዓት የማክሰኞውን አነበብኩ። እንዲህ የሚል ቦታ አለ፤ ልጅ ነበርኩ፣ አረጀሁ፣ የጻድቅ ዘር እህል ሲለምን አላየሁም ይላል። ሁልጊዜ እዚያ ቦታ እናደዳለሁ። ዳዊት የወሎን ቦረና አላየም። መጥቶ የኛን መንገድ በዚያ ዓመት ቢያይ ኖሮ ይቺን መስመር ይፍቃት ነበር። የኔ ልጅ ምን አድርጋ ነበር? የሰው እንጨት እንኳ አንሥታ አታውቅም።

ዳዊቱን ዘግቼ ማኅደሩ ውስጥ ከተትኩትና ሰቀልኩት። ኋላ ደግሞ አወረድኩት፣ ስሜው ጨረስኩ። የአባቴ ነው።

ስሙ አልተገኘም። አንድ ቀን ቀረኝ።


ረቡዕ

 ከየት ልጀምር።

ከጠዋት ዝናብ ነበር። የዘንድሮ ዝናብ ያኔ ቢዘንብ ምን ነበረበት። እየፈተልኩ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። አንዲት አሮጊት፣ ነጠላዋ ሰውነቷ ላይ ተጣብቋል፣ በዱላ ቆማለች። እንግዳ መሰለችኝና ይግቡ እማማ አልኩ። እሳት ዳር አስቀመጥኳት። እጇን ካሞቀች በኋላ፦

"እኔ የእሸቴ እናት ነኝ፣ የሻረግ" አለችኝ።

እንዝርቱ ከእጄ ወደቀ።

ልጇ ከተያዘ ጀምሮ ቤቱ ታሽጎባታል፤ ዘመድ ቤት ተጠግታ ነው ያለችው። እኔ ዳዊት እንደምደግም ሰው ነግሯታል። "እኔ ፊደል የለኝም። እባክሽ ልጄ፣ አፈር ስሆን፣ ለእሸቴ ዳዊት ድገሚለት። ቅዳሜ ሳይበሉት እግዚአብሔር ይመልከተው።"

"እኔን ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ?" አልኳት።

"አውቃለሁ። የይመኙሻል እናት ነሽ። ለዚያ ነው አንቺ ጋ የመጣሁት። ለሱ ወዳጆቹ ቢጸልዩለት ማን ይሰማቸዋል? የተበደለ ሰው ሲለምን ግን ቶሎ ይሰማል።"

  ልጄን ስሟን ጠርታ፣ እሳቴ ዳር ተቀምጣ።

ልጄን እንዴት አወቅሻት አልኳት፤ አንቱታው ጠፋብኝ። ያኔ ሁሉንም አወራች። ያን ቀን እቤት ነበረች። ልጄ ደጅ ላይ ሆና "ይመኙሻል ነኝ፣ የጭሰኛዎ ሚስት" ብላ ስትናገር በጆሮዋ ሰምታለች። እሱ የለም ሲልም ሰምታለች። ተነሥታ ከሌማቱ ቁራሽ ልታወጣ አሰበች፤ ግን ልጇን ፈራች። በዚያን ወቅት ለአንድ ከሰጠን ሁሉም ይመጣብናል እያለ ይጮህባት ነበር። "ፈራሁና ተቀመጥኩ" አለች። እንዲሁ ነው ያለችው፣ ሳታለቅስ።

ከዚያ ጠጋ ብላ የክርስትና ስሙን በጆሮዬ ነገረችኝ።

እዚህ አልጽፈውም። ግን አግኝቼዋለሁ። ሁለት ዓመት የፈለግሁትን የገዛ እናቱ በእግሯ አመጣችልኝ። ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁና ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

ዝናቡ አላባራም። በዚህ ዝናብ ውሻ አይባረርም፣ ስለዚህ እዚህ ልታድር ነው። ሽሮ ሠርቼ አቀረብኩላት። ስትበላ ፊቴን አዞርኩ። ነገ ሐሙስ ነው።


ሐሙስ

አነበብኩት። እንዲህ ሆነ።

ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ዳዊቱን አወረድኩ። እሷ መደቡ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ነጠላዋን አጣፍታ። "ለሱ ነው?" አለች። "በስሙ ነው" አልኩ። እውነቴን ነበር።

የሐሙስን ከመጀመሪያው ተያያዝኩት። ጉሮሮዬ ሲደርቅ ውሃ እየጠጣሁ ነው። ትንፋሽ በወሰድኩ ቁጥር አሮጊቷ አሜን ትላለች። በግዕዝ ነው፣ አይገባትም። እኔ በልቤ፣ ቆይ ትንሽ ጠብቂ፣ ገና ምኑን አየሽና እላለሁ።

መቶ ስምንት ደረስኩ። ስሙን አስገባሁ። ዘመኑ ይጠር፤ አሜን አለች። ሹመቱን ሌላ ይውሰደው፤ አሜን። ልጆቹ ወላጅ አልባ ይሁኑ፣ ሚስቱ መበለት፤ አሜን። ልጆቹ ቤታቸው ፈርሶ ይለምኑ፤ አሜን። እዚህ ላይ ድምፄ ከፍ አለ። ይለምኑ፣ እፍኝ ይለምኑ፣ የለም ይባሉ። የመጨረሻው ከዳዊት አይደለም፣ እኔ የጨመርኩት ነው። አሜን አለች።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀልሎኝ አያውቅም። ክፉ ነኝ መሰለኝ። ይሁን።

ከዚያ ቀጥሎ ስለ እናቱ ይላል። የእናቱ ኃጢአት አይደምሰስ ይላል።

ይህን መስመር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳነበው ከእሱ በስተቀር ሌላ ሰው አልታየኝም ነበር። አሁን ቀና ስል እሷ አለች። ዓይኗን ጨፍና፣ እጆቿን ዘርግታ፣ አሜን ለማለት እየጠበቀች። ኃጢአት እኮ አለባት፤ ራሷ ትናንት ነግራኛለች። ሰምታ ተቀምጣለች። ይገባታል። መስመሩ ለሷ የተጻፈ ነው የሚመስለው።

ዘለልኩት።

ለምን እንደሆነ እንጃ። አፌ እምቢ አለኝ። ከሱ በታች ካለው ቀጠልኩና እስከ መጨረሻው ወረድኩ። ጨርሼ ዳዊቱን ስሜ አስሳምኳት።

ዝናቡ አባርቶ ነበርና ሄደች። ደጅ ድረስ ሸኘኋት። ከሄደች በኋላ ነው አባቴ ትዝ ያለኝ። ተማሪ እያለሁ አንድ መስመር ስዘል በአለንጋ እግሬን መታ አድርጎ "የተዘለለ ዳዊት እንዳልተነበበ ነው፣ ከሥር ጀምሪ" ይለኝ ነበር።

እንዳልተነበበ ነው። ስሙን አግኝቼ፣ ቀኑ ደርሶልኝ፣ በገዛ እጄ አበላሸሁት።


ዓርብ

በራሴ ተናድጄ ዋልኩ። ክሩ ሦስቴ ተበጠሰብኝ።

ዳዊት ከቀኑ ውጭ አይነበብም ያለ የለም። ዛሬም ከሥር ጀምሬ፣ ሳልዘል ማንበብ እችላለሁ፤ ብቻዬን ነኝ። ማኅደሩን ሁለት ጊዜ ከግድግዳው አወረድኩት። ሁለቴም መልሼ ሰቀልኩት። የዓርቡንም ሳላነብ ቀረሁ፣ ከስንት ዘመን በኋላ።

የምመኝለት፦ እንዲርበው። መንገድ ላይ ሆኖ፣ ሰው ቤት ሽሮ እየተሠራ እንዲሸተው። ደጅ ቆሞ እንዲለምን። የቤቱ ባለቤት እኔ እንድሆን። እኔም የለም እንድለው።

የመጨረሻዋን ጽፌ ብዙ አየኋት። አልፋቃትም።

ወደ ማታ ዘማቿ መጣች፣ ሱሪዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ። ጥሩ ልጅ ናት፣ ችኩል ናት እንጂ። የጻፍኩትን አነበብኩላት፤ የነገውን ብቻ፣ ሌላውን አላሳየኋትም። አንገቷን ነቀነቀች። "እትዬ አስካለ፣ እህል አልሰጠም ብቻ ከሆነ ብዙዎች አልሰጡም፤ ይለቁታል። ገፍትሮ ጥሏታል ይበሉ። እሱ ያደረገው ከመገፍተር ይብሳል እኮ፤ ልዩነቱ ምንድን ነው?"

ልዩነቱ ምንድን ነው። ስትሄድ ይህንኑ ለራሴ አልኩት። ገፍትሯታል ብል ማን ይከራከረኛል? እህል ፈጪዋ ወደ ከላላ ተሰዳ ሞታለች። አሮጊቷም ለልጇ ስለሆነ ብትክድ የሚያምናት የለም። አንዲት ቃል ናት። ዳዊቴን አበላሽቼዋለሁ፤ የቀረኝ ነገ ብቻ ነው። ነገ ካመለጠኝ በቅሎው ላይ ተቀምጦ በደጄ ያልፋል።

ለሐሊማ ነገርኳት። የያዘችውን ጎመን አስቀመጠች። በኋላ "ልጅሽን አልገፈተራትም፣ እት አስካለ። የሌለ ነገር ከጨመርሽበት ያለውንም ያጠፋብሻል" አለች። ተናድጄ ገባሁ።

ምን እንደምል አላውቅም። ገፍትሯታል የሚለውን ጽፌ ሰርዤዋለሁ፣ ደግሜ ጽፌዋለሁ።


ቅዳሜ

ሜዳው ሞልቶ ነበር። ሰው ዛፍ ላይ ሁሉ ወጥቷል። እሱን ሁለት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አመጡት። ካፖርቱን ለብሷል፤ ጫማው ግን ያለ ማሰሪያ ነው፣ እየጎተተ ነበር የሚሄደው። ይኼን ሳይ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ከእኔ በፊት ብዙ ሰው ተናገረ። አንዱ መሬቴን፣ አንዱ በሬዬን። አንዱ ደግሞ እህቴን ገድሏል አለ፤ እህቱ ግን ደሴ በሕይወት እንዳለች ከጎኔ ያለች ሴት ሹክ አለችኝ። ሕዝቡ ይጮሃል። እኔን ጠሩኝ።

ደብተሩን አልያዝኩም ነበር። ቆምኩ፣ ሁሉንም እንደነበረ ተናገርኩ። እፍኝ ለመነች፣ ነበረው፣ የለም አላት። ገፍትሯታል የምትለው ቃል አፌ ውስጥ መጣች። ሕዝቡም የሚጠብቃት ይመስላል፣ ዘማቿም ከፊት ሆና እያየችኝ ነው። አላልኩትም። የልጄን ሞት በሰው ውሸት አላቆሽሸውም አልኩ በልቤ፤ እውነተኛው ይበቃዋል፤ ካልበቃውም የኔ ጥፋት አይደለም።

ሰብሳቢው "እሺ እናቴ፣ ታዲያ ምን ይሁንልዎት?" አለኝ።

እሱን አየሁት። ከዚያ ሁሉ ያሰብኩት ነገር አንድም አልመጣልኝም። "ስሟን ይጥራ" አልኩ። "ደጁ ቆማ ስሟን ነግራው ነበር። ይጥራልኝ።"

 እሱ መሬት መሬት አየ። "ያኔ ደጄ የቆመው ሰው ብዙ ነው። የማንን ስም አስታውሳለሁ?" አለ። ውሸቱን አልነበረም። ያ ነው ያቃጠለኝ። የእውነቱን ነበር፣ ረስቷታል።

ከኋላ የዱላ ድምፅ መጣ። ሰው መንገድ ለቀቀላት። የሻረግ ናት። ወደ መሐል መጣች፣ እኔን አላየችም፣ እሱን ነው ያየችው።

"ይመኙሻል ነኝ ብላ ነበር" አለች። "የጭሰኛዎ ሚስት ብላ ነበር። እኔ ውስጥ ሆኜ ሰምቻለሁ። ማሽላው ነበረን። እሱም የለም አላት፣ እኔም ተቀመጥኩ።"

"እማዬ" አለ እሱ። 

ከዚያ በኋላ የተጠየቀ ሰው የለም። ይዘውት ሄዱ። ሰኞ በመኪና ወደ ደሴ ይወስዱታል አሉ። ከደሴ በኋላ የሚሆነውን የሚያውቅ የለም።

እሷ ሜዳው ላይ ቀረች። የተጠጋችበት ዘመድ በልጇ ላይ ተናገረች ብሎ በሩን ዘግቶባታል። ሐሊማ ነግራኝ ሄጄ አመጣኋት። ዛሬም እዚህ ናት።


እሑድ

ሌሊቱን እንቅልፍ አልነበረኝም። ያሰብኩት አንዲት ነገር ናት፤ አሁን ልረካ ይገባኝ ነበር። ጠበቅሁት። አልመጣም። ልጄም አልመጣች።

ከቅዳሴ መልስ የእሑዱን አነበብኩ፣ የነቢያትን ጸሎት። እመቤታችን፣ እግዚአብሔር የተራቡትን እንዳጠገበ፣ ባለጠጎችን ባዶ እጃቸውን እንደሰደደ የምትናገርበት ቦታ አለ። እሷም እንዲህ ያለ ነገር ተናግራለች፣ ያውም እናት ልትሆን ስትል። ይቺን ቀስ ብዬ አነበብኳት።

አሮጊቷ መደቡ ላይ ሆና ስታዳምጥ ነበር። አሜን አላለችም። ስጨርስ እንዲህ አለችኝ፦

"ሐሙስ ዕለት ያነበብሽው የእርግማኑ ነበር።"

ደነገጥኩ። 

"ባሌ ዳዊት ደጋሚ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ባላንጣ ሲነሣበት ሐሙስ ሐሙስ ያነባት ነበር። እኔ ፊደል ባላውቅም ጆሮ አለኝ፤ ትርጉሟንም ጠይቄው ነግሮኛል። ስትጀምሪያት አወቅኋት።"

"ታዲያ ለምን አሜን አሉ?" አልኳት።

"ይገባዋላ። ልጄ ነው፣ አንጀቴ ነው፣ ግን ይገባዋል። ላስለምንለት የመጣሁትን ትቼ አሜን አልኩ።" ነጠላዋን አጣፋች። "ከዚያ የኔ ተራ ደረሰ። ተዘጋጅቼ ነበር። እሱንም አሜን ልል። አንቺ ግን ዘለልሽኝ።"

ዳዊቱን ማኅደሩ ውስጥ ከተትኩ።

"አንቺ ብትረግሚኝ ኖሮ አሜን ብዬ እቤቴ እገባ ነበር። ስትዘልዪኝ ጊዜ ግን ትናንት እኔው ራሴ መናገር ግድ ሆነብኝ። ለምን ዘለልሽኝ ልጄ?"

አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ይቅር ብያት አይደለም። እሱንም ይቅር አላልኩትም፤ ነገ መኪናው ሲያልፍ ወጥቼ አየዋለሁ፣ ፊቴንም አላዞርም። ሐሙስም ሳምንት ሳይሞላ ይመጣል። ያቺ መስመር እዚያው ናት፣ አባቴም አትዝለዪ ብሎኛል። አሮጊቷም እዚሁ መደብ ላይ ተቀምጣ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች። ምን እንደማደርግ አላውቅም።

መሽቷል። ሐሊማ ጎመን አቀብላኛለች። ሽሮ ልሠራ ነው፣ የሁለት ሰው።